ልብ አንጠልጣይ መንፈሳዊ ልብ ወለድ እንዴት ይጻፋል? የተቀበረ ሀብት ፍለጋን ይዘን፣ ደረጃ በደረጃ

ልጅ ሳለሁ አያቴ ከግቢያችን በታች ያለውን ዋርካ እያሳየች "እዚያ ሥር ጠገራ ብር ተቀብሯል" ትለን ነበር። በጣልያን ጊዜ ነው፤ በእንስራ ነው፤ የቀበረው ሰውም ሳይመለስ ቀርቷል። "ታዲያ ለምን ማንም አልቆፈረውም?" ስንላት ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። "የቆፈረ አለ። ቤቱ ግን አልበረከተም።" ከዚያ በላይ አትጨምርም። እኛም ያን ሌሊት እንቅልፍ አይወስደንም።

እንስራው ብዙም አያሳስበን ነበር። ያስጨነቀን የዚያ ሰው ቤት ነው። ምን ሆኖ ይሆን? ልጆቹስ? እንዲህ ያለ መጽሐፍ መጻፍ የምትፈልጉ ከሆነ ከዚህ ጥያቄ ጀምሩ።

ከጀማሪ ጸሐፊዎች ጋር ረቂቅ ሳነብ ሁለት ዓይነት ውድቀት ደጋግሜ አያለሁ። አንደኛው ስብከት ሆኖ አካፋ የጨበጠ ነው። ሁለተኛው የድብድብ ፊልም ሆኖ መጨረሻው ላይ "አሜን" የተለጠፈበት ነው። ሁለቱንም የሚያድነው መድኃኒት አንድ ነው፤ መንፈሳዊው ፈተናና የሥጋ አደጋው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሰው ላይ እንዲወድቁ ማድረግ።

ደረጃ 1፦ ኢያሱ ምዕራፍ 7ን እንደ ጸሐፊ አንብቡ

ኢያሪኮ ወድቃለች። አካን ከዘረፋው ላይ አንድ ያማረ ካባ፣ 200 ሰቅል ብርና 50 ሰቅል የሚመዝን ወርቅ ያነሣል። ድንኳኑ ውስጥ ቆፍሮ ይቀብረዋል። ከዚያ እስራኤል በጋይ ሰዎች ፊት ይሸሻል፤ 36 ያህል ሰው ይሞታል።

አሁን ኢያሱ ሌባውን የሚፈልግበትን መንገድ ተመልከቱ። በማለዳ ሕዝቡን ያቀርባል። መጀመሪያ አንድ ነገድ ይለያል። ከነገዱ አንድ ወገን። ከወገኑ አንድ ቤተሰብ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው። አንባቢው ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ ሌባውን ያውቀዋል። አካንም ራሱን ያውቃል። ክበቡ እየጠበበ ሲመጣ የሁለታችንም ልብ አብሮ ይመታል። ልብ ማንጠልጠል ማለት ይሄ ነው። አንባቢው ምንም ሳያውቅ ከምታስደነግጡት፣ እያወቀ ብታስጠብቁት ይበልጣል።

የአካን ኑዛዜ ደግሞ አራት ግሦች አሉት፤ አየሁ፣ ተመኘሁ፣ ወሰድሁ፣ ሸሸግሁ። እነዚህን በትልቁ ጽፋችሁ ከጠረጴዛችሁ በላይ ለጥፏቸው። ክፉው ገጸ ባሕሪያችሁ አራቱንም ይሄድባቸዋል። ዋናዋ ገጸ ባሕሪ ግን ቢያንስ ሁለቱን መሄድ አለባት። ካልተመኘች አልተፈተነችም። ካልተፈተነች ደግሞ አንባቢው አይሰጋላትም።

ደረጃ 2፦ ማን ቀበረው? ለምንስ ተመልሶ አላወጣውም?

አገራችን ለዚህ ታሪክ ልብ ወለድ አያስፈልጋትም ማለት ይቻላል። በ16ኛው መቶ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ መነኮሳት መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ይዘው ወደ ደሴቶችና ወደ ዋሻ ሸሽተዋል። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች የመቅደላን ሀብት በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭነው ወርደዋል። በየካቲት 12፣ 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፍጭፈዋል።

ለማሳያ ሦስተኛውን ዘመን እንውሰድ። የደብረ ሊባኖስ ወሬ ጣና ላይ ያለ አንድ ትንሽ ገዳም ይደርሳል። ቄሰ ገበዙ በአንድ ሌሊት ዕቃ ቤቱን አራግፎ ይቀብራል። አብሮት የነበረው የ13 ዓመት ዲያቆን ብቻ ነው። ቄሰ ገበዙ ይገደላል። ልጁ ምሏል። ታሪካችን የሚጀምረው በ1986 ዓ.ም. ነው፤ ያ ልጅ የ70 ዓመት መነኩሴ ሆኗል፤ አባ ዘወልድ እንበላቸው። 1986ን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ሞባይል ገና አገር ውስጥ አልገባም። ሞባይል የሌለበት ደሴት ላይ ሰው ሲጠፋ በእርግጥ ይጠፋል።

ታቦት አታስቀብሩ። ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ታቦትን ምእመን አይነካውም፤ ጸሐፊም እንደ ዕቃ ሊገልጸው አይገባም። ኦርቶዶክስ አንባቢ እዚያ ገጽ ላይ መጽሐፉን ያጥፈዋል፤ እውነቱን ነው። መስቀል፣ ጽዋ፣ የብራና ወንጌል፣ ጠገራ ብር ይበቃል። እኔ ብሆን ብሩን የመንደሩ ሰው በአደራ ያስቀመጠው ገንዘብ አደርገዋለሁ። የስም ዝርዝሩን ደግሞ በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ አጽፈዋለሁ። ገዳማት የርስት ሰነድና የዕቃ ዝርዝር ወንጌላቸው ላይ የመጻፍ ልማድ ነበራቸው። ስለዚህ ይታመናል። ሀብቱም ባለቤት ይኖረዋል።

ደረጃ 3፦ መዝኑት

ብዙ ረቂቅ ላይ ጀግናው ወርቅ የሞላ ከረጢት ትከሻው ላይ ጥሎ ይሮጣል። እስቲ እንመዝነው። አንድ ጠገራ ብር 28 ግራም ነው። 1,000 ሲሆን 28 ኪሎ። 5,000 ከሆነ 140 ኪሎ። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ፕላስቲክ ጠርሙስ በወርቅ ብትሞሉት ከ19 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በአንድ እጅ አንሥቶ መሮጥ አይታሰብም።

ይህን ማወቅ ሴራውን ይሰጣችኋል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማንሣት ካልተቻለ ማን ይዞ ይሂድ? ማን ከቀረው ጋር ይቆይ? ቀድሞ የሚመለሰውስ ማን ነው? ጥርጣሬ ከኪሎ ይወለዳል። ተንቀሳቃሽ ነገር ካስፈለጋችሁ ደግሞ መስቀሉ አለ። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል 7 ኪሎ ገደማ ነው። በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጅየም በአንድ የቅርስ ነጋዴ እጅ ተገኝቶ ነው የተመለሰው። አንድ ሰው በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሊይዘው የሚችል ክብደት ነው፤ ያስደነግጣል።

ደረጃ 4፦ ደሴቱን ፍጠሩ፤ ክልከላውን ግን አትፍጠሩ

ቦታው የፈጠራ ይሁን። እውነተኛ ገዳም ጠቅሳችሁ "እዚህ ተቀብሯል" ብላችሁ አትጻፉ። ሌባም ያነባል። አካፋ ይዞ የሚሄድ ሞኝ አንድ ብቻ ቢገኝ እንኳ ለዚያ ገዳም ይበቃዋል።

ልማዱ ግን እውነተኛ ይሁን። ጣና ላይ እንደ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ያሉ ገዳማት ሴት አይገባባቸውም። ዋናዋን ገጸ ባሕሪ ሴት አድርጓት። ትርሲት፣ የባሕር ዳር ነርስ፣ 28 ዓመቷ። ምስጢሩን የፈታችው እሷ ናት፤ መግባት ግን አትችልም። ስለዚህ ወንድሟን ናሁሠናይን መላክ አለባት፤ እሱ ደግሞ ዕዳ አለበት። አያችሁ? አንድ ክልከላ ብቻ ግማሽ መጽሐፍ ሠራላችሁ።

ቃላቱንም ከቦታው ውሰዱ። ዕቃ ቤት፣ ቤተ ልሔም፣ አበምኔት፣ መጋቢ፣ የደንገል ታንኳ። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ሲመለስ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት። ገጸ ባሕሪያችሁ ወንጌላዊት ከሆነች ደግሞ ፓስተር፣ ሽማግሌ፣ የጸሎት ኅብረት እያላችሁ ጻፉ። ሁለቱን ዓለም የምታደባልቁ ከሆነ ሆን ብላችሁ ይሁን። የንስሐ አባት ያላትን ሴት እንደ ወንጌላዊት አታጸልዩአት። አንባቢ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለየዋል።

ደረጃ 5፦ ፍንጩ ከቋንቋው ይውጣ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ቀይ ኤክስ ምልክት ያለበት ካርታ የእኛ አይደለም። የእኛ ምስጢር መደበቂያ ሰምና ወርቅ ነው። ስሙ ራሱ "ወርቁን ከሰሙ ሥር ፈልጉ" እያለን የሌላ አገር ካርታ መዋስ ያሳዝነኛል።

ለማሳያ ያህል ቄሰ ገበዙ ሳይቀበር በቀረ አንድ የዳዊት መጽሐፍ ጠርዝ ላይ እንዲህ ጽፏል እንበል፦

"የዚህ ዓለም ወርቁ ይቅርብን ብለው፣
አባቶች ከበሩ ድንጋይ ተንተርሰው።"

ሰሙ ግልጽ ነው። አባቶች ዓለምን ንቀው፣ ድንጋይ ተንተርሰው ተኝተው፣ በተጋድሎ ከበሩ። ጣልያንም ቢያነበው፣ ባንዳም ቢያነበው የመነኩሴ ምስጋና ነው። ኅብረ ቃሉ "ከበሩ" የሚለው ነው። በሩን አስቡት። ወርቁ ከበሩ ነው፤ ድንጋዩን የተንተራሰው እሱ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው "ከበሩ" ሲባል ከበሩ ወዲያ የሚነሣ ነገር ይመስለውና ይስታል። ጎጃምና ጎንደር ግን "ከቤት ነው" ሲሉ ቤት ውስጥ ነው ማለታቸው ነው። "ከበሩ" ማለት እዚያው በሩ ላይ ማለት ነው። የከተማው ምሁር ሳምንት ሙሉ ሲዳክርበት የትርሲት እናት ጎመን እየቀነጠሰች በአንድ ጊዜ ትፈታዋለች።

እንዲህ ያለ ፍንጭ ስትሠሩ መጀመሪያ ወርቁን ወስኑ። ከዚያ ለሁለት የሚሰነጠቅ ቃል ፈልጉ። ሰሙን መጨረሻ ላይ አልብሱት። ሰሙ ብቻውን ቆሞ መነበብ መቻል አለበት፤ ካልሆነ እንቆቅልሽ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል።

የሐሰት ፍንጭም ያስፈልጋችኋል። ሁለት ልስጣችሁ።

የመጀመሪያው ጠገራ ብሩ ላይ ያለው 1780 ነው። በየትኛውም ዓመት ይመታ፣ ሳንቲሙ ላይ የሚታተመው ይኸው ቁጥር ነው። ገጸ ባሕሪያችሁ አንድ ብር አግኝቶ "በ1780 የተቀበረ ነው!" ብሎ ሦስት ምዕራፍ በተሳሳተ መንገድ ይሂድ።

ሁለተኛው የዘመነ ወንጌላውያን ስሌት ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምሩ፤ ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ ነው፤ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ። 1929 ሲደመር 7429 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። ማቴዎስ። እንግዲህ አንድ ሰው ለትርሲት "በ1929 ዓመተ ምሕረት በዘመነ ሉቃስ ተጻፈ" የሚል ያረጀ ብራና ያመጣላታል። ቀለሙ ትክክል ነው፤ የፍየሉ ቆዳ ትክክል ነው። አባ ዘወልድ ግን በጣታቸው ቆጥረው ዝም ይላሉ። ከዚያ ቀና ብለው "ይህን ማን ሰጠሽ ልጄ?" ይሏታል። ያን ጊዜ አንባቢው ከሰጪው ጋር ስንት ምሳ አብረው እንደበሉ ያስታውሳል።

ደረጃ 6፦ ክፉውን ሰው ውደዱት

ጥቁር መነጽር ያደረገ የውጭ ነጋዴ አያስፈራም። የሚያስፈራው ትርሲትን ያስተማራት ሰው ነው። ጋሽ ይልማ እንበለው። አባቷ ሲሞት የትምህርት ቤት ክፍያዋን የከፈለ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮ የሚልክ፣ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ሲያፈስ ቆርቆሮ የሚገዛ። ቅርስ ይሸጣል። መጀመሪያ የሸጠው አንዲት ትንሽ የአንገት መስቀል ነበር፤ ልጁን ለማሳከም። አየ፣ ተመኘ፣ ወሰደ። አሁን ሽሸጋው ላይ ነው።

እንዲህ ብሎ ሲያናግራት ስሙት፦

"ትርሲትዬ፣ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ማንን ይጠቅማል? እግዜርም እኮ መክሊቱን የቀበረውን ነው የገሠጸው።"

ጥቅሱ ትክክል ነው፤ ማቴዎስ 25 ላይ አለ። መጽሐፍ ቅዱስ የሚጠቅስ ክፉ ሰው ስትጽፉ ጥቅሱን አታጣምሙት። ልክ ይሁንና ዓላማው ይጣመም። አንባቢው ለአፍታ "እውነቱን እኮ ነው" ማለት አለበት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። ኤርምያስ 41፣ ቁጥር 8 ላይ አሥር ሰዎች ሊታረዱ ሲሉ "በሜዳ የሸሸግነው ስንዴና ገብስ፣ ዘይትና ማር አለንና አትግደለን" ብለው ይተርፋሉ። ብዙ ሰው አያስታውሰውም። ትርሲት በጋሽ ይልማ ሰዎች እጅ ስትወድቅ ይህች ክፍል ትዝ ትበላት።

ደረጃ 7፦ አደጋው ዝም ያለ ይሁን

ሽጉጥ ይቻላል። ግን የተዘጋ ጉድጓድ ከሽጉጥ ይበልጣል። እንደ ሐረርጌ ባሉ አካባቢዎች እህል በጉድጓድ የሚያስቀምጡ ገበሬዎች ይህን ያውቁታል። ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ በቆየ ጉድጓድ ውስጥ ኦክስጅን ያልቃል፤ ከአየር የሚከብድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከታች ይተኛል። አይታይም፤ አይሸትም። የወረደው ሰው ድምፅ ሳያሰማ ይወድቃል። ሊያወጣው የወረደውም ይወድቃል።

በኛ ታሪክ ድንጋዩ ያለው በሩ ላይ ነው። በሩ ደግሞ ሴት የማታልፈው ወሰን ነው። ስለዚህ ትርሲት አሥር እርምጃ ርቃ ሁሉንም ታያለች።

"ድንጋዩ ሲነሣ ቀዝቃዛ ነገር ፊታቸውን ነካው። ናሁሠናይ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ጨርሷል።

'ቆይ! መጀመሪያ ኩራዙን' አለች ትርሲት ከወሰኑ ማዶ።

ኩራዙን በሲባጎ አወረደው። ክንድ ያህል ወረደ፤ ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሁለት ክንድ። በርቷል። ሦስተኛው ላይ አነሰና ሰማያዊ ሆነ፤ ከዚያ ጠፋ።

'ንፋሱ ነው' አለ ናሁሠናይ። እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰደደ።

ትርሲት ከበሩ በላይ ያለውን ግራር አየችው። አንዲት ቅጠል አልተንቀሳቀሰችም።"

እዚህ ምዕራፉን ዝጉት። ምን እንደሚሆን አታስረዱ። ነርስ ናት፤ ታውቃለች። አንባቢውም አሁን ያውቃል። የማያውቀው እግሩን የሰደደው ብቻ ነው።

ደረጃ 8፦ ጸሎት ሴራውን አይፍታላችሁ

መንፈሳዊ ረቂቆች የሚሞቱት እዚህ ነው። ጀግናዋ ትጨነቃለች፣ ትንበረከካለች፣ ወዲያው ፖሊስ ይደርሳል። እንዲህ ስታደርጉ አንባቢው በእግዚአብሔር ማመኑን አይጨምርም። በእናንተ ማመኑን ያቆማል። ያመነ ሰው ሁሉ ደግሞ ጸልዮ መልስ ያላገኘበትን ሌሊት ያውቃል። ያንን ሌሊት አክብሩለት።

እኔ የምከተለው እንዲህ ነው። ተአምር ካለ መጀመሪያ ላይ ይሁን፤ ሰውን ወደ ችግር የሚያስገባ ተአምር። ከመካከል በኋላ ጸሎት የሚሰጠው መውጫ ሳይሆን የሚከብድ ምርጫ ይሁን። ወንድሟ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። ወሰኑ እግሯ ሥር ነው። "ጌታ ሆይ" አለች፤ ድምፅ አልመጣም። ብትገባ ልጅነቷን ሙሉ ያከበረችውን ትሽራለች። ባትገባ ወንድሟ ይሞታል። አባ ዘወልድ ከበስተኋላ፣ እጃቸው መቋሚያው ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ "ግቢ ልጄ። ሰንበት ስለ ሰው ተፈጥሯል" ይላሉ። ይህን ሲሉ ለ57 ዓመት የጠበቁትን ምስጢር አሳልፈው እየሰጡ ነው። ለእሳቸውም ዋጋ ያስከፍላቸዋል።

አንዳንድ አንባቢ በዚህ ይከራከራችኋል። ይከራከር። ሁለቱም ወገን ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ክርክር ከሆነ መጽሐፋችሁ በሕይወት አለ።

ደረጃ 9፦ ሀብቱ ሲገኝ

ጀግናዋን ሀብታም አታድርጉ፤ ሕጉም አይፈቅድም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው የመንግሥት ባለሥልጣን ማሳወቅና እስኪረከቡት መጠበቅ አለበት። ያለ ፈቃድ መቆፈርም ክልክል ነው። አዋጁ የወጣው ግን ከታሪካችን ስድስት ዓመት በኋላ ነውና በ1986 ይሠራ የነበረውን ሕግ አጣሩ። ልብ በሉ፤ ትርሲትና ናሁሠናይ ያለ ፈቃድ ቆፍረዋል። ይህን አትሸፋፍኑት። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ለሚመረምራቸው ፖሊስ ምን እንደሚሉ ጻፉ።

የስም ዝርዝሩን አትርሱት። ወንጌሉ ይከፈታል። የብሩ ባለቤቶች አንድ በአንድ ይነበባሉ። ከታች ቄሰ ገበዙ በቀይ ቀለም፣ የቅዱሳን ስም በሚጻፍበት ቀለም፣ አንድ ስም ጨምሯል፤ ለጣልያን የጠቆመው ሰው ስም ነው፤ "አቤቱ ማረው" ከሚል ቃል ጋር። የትርሲት አያት ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ወርቁ የሚጠይቅ አንባቢ አይኖርም።

ደረጃ 10፦ ለሁለት ሰው አንብቡለት

ረቂቁ ሲያልቅ ለወር ያህል ተዉት። ከዚያ ለአንድ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለኖረ ሰውና ለአንድ ለማያምን ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ለእያንዳንዳቸው ብቻቸውን። የመጀመሪያው ስሕተታችሁን ይነግራችኋል። ሁለተኛው የሰለቸበትን ቦታ በአፉ ባይናገርም ሰዓቱን ሲያይ ታዩታላችሁ፤ እዚያ ጋ በእርሳስ ምልክት አድርጉ።

እኔ አንድ ጊዜ የዕቃ ቤት ዝርፊያ ትዕይንት ለአንድ ሽማግሌ ቄስ አነበብኩላቸው። ሌባው ሌሊት በሩን ከፍቶ በቀጥታ ወደ መስቀሉ ይሄዳል። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና "ልጄ፣ የዕቃ ቤት በር እኮ ይጮኻል። ያን ድምፅ መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል" አሉኝ። ወደ ቤቴ ሄጄ ትዕይንቱን እንደገና ጻፍኩት። አሁን ሌባው ማጠፊያውን በቅቤ እየቀባ ነው።